የአምስተኛው ረግረግ ልክ

በውሃ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከወረቀት ማባዣው ክፍል ቀጥላ ባለች ጠባብ ቢሮ አንዲት መዝጋቢ ነበረች። ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። ወጣትነቷን እናቷን ስታስታምም ጨረሰችው፤ እናትየው ስታርፍ እሷም የትዳርን ነገር የሌላ ሰው ሥራ አድርጋ ተወችው። የምትኖረው በሁለት ክፍል ቤት ብቻዋን ነው። ከሥራ ስትመለስ በሩን ከፍታ "መጣሁ" የማለት ልማድ ነበራት። እናቷ ካረፈችም በኋላ ብዙ ወር ሳታስበው ስትለው ኖራ፣ አንድ ቀን የራሷን ድምፅ ሰምታ አፈረችና ተወችው።

ሥራዋ ለሚሰማው ሰው ቀላል ነው። አገሪቱ ረግረጎቿን ልትጠብቅ ከሌሎች አገሮች ጋር ውል ፈርማለች፤ በዚያ ውል መሠረት ሰባት ረግረጋማ ቦታዎች በዓለም አቀፉ መዝገብ ሰፍረዋል። የሰባቱም ምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በየቦታው አንድ ውሃ ለኪ አለ። በየቀኑ ውሃው ውስጥ የቆመውን ባለ መስመር የብረት ምሰሶ አይቶ ልኩን ይጽፋል፣ የወፉንም ብዛት ይቆጥራል። መዝጋቢዋ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት ለሰባቱም ትደውልና የሚነግሯትን በትልቁ መዝገብ ታሰፍራለች። በየሦስት ዓመቱ ከዚያ መዝገብ ሰንጠረዥ ይወጣና ለውሉ ጽሕፈት ቤት ይላካል። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ ከሰባቱ አንዱንም በዓይኗ አላየችም። ባልደረቦቿ "እትዬ ረግረግ" ይሏታል። እሷም "ረግረግ የገባ በቀላሉ አይወጣም፤ አጠገቤ ስትቆሙ ተጠንቀቁ" ትላቸውና ትስቃለች።

ስድስቱ ለኪዎች ቁጥራቸውን ተናግረው ስልኩን የሚዘጉ ናቸው። የአምስተኛው ረግረግ ለኪ ግን ሌላ ነበር። ድምፁ ወፍራም፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። "እህት ዓለም፣ እንዴት አደርሽ?" ይላታል። ቁጥሩን ከመናገሩ በፊት ነፋሱ ከየት በኩል እንደነፈሰ፣ ሸምበቆው ማበቡን፣ አንዲት ዳክዬ ስድስት ጫጩት አስከትላ በደጃፉ ማለፏን ይነግራታል። እሷም የጉልበቷን ሕመም፣ የጎረቤቷን ድመት ጉድ ታወራለታለች። ሁልጊዜ የምትደውልለት መጨረሻ ላይ ነው። ስድስቱን ቶሎ ቶሎ ትጨርስና ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ትደውላለች። ቢበዛ አሥር ደቂቃ ነው፤ በሳምንት ሃያ ደቂቃ። ስለ ራሷ ለሰው የምታወራው ነገር ሁሉ በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያልቅ ነበር።

አንድ ዓመት የድሮዎቹ መዝገቦች በሙሉ ወደ ኮምፒውተር ይግቡ ተባለ። መዝጋቢዋ ከጠዋት እስከ ሥራ መውጫ ቁጥር ስትተይብ ሰነበተች። አምስተኛው ረግረግ ላይ ደርሳ ሳለ አንድ ቁጥር እጇን አስቆመው። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ሽመላ። ይህን ቁጥር በቅርቡ ጽፋዋለች። የረሳችው አይደለም፤ ያን ዕለት ሰውየው "ሦስት ቢጨመሩ ሁለት መቶ ሃያ ይሞሉልኝ ነበር፤ ሰው አይደሉ፣ ጠርተህ አታመጣቸው" ብሎ አስቋታል። ፊቷ ያለው ገጽ ግን የሦስት ዓመት ዕድሜ አለው።

አዲሱን መዝገብ አምጥታ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ወሩ አንድ፣ ሳምንቱ አንድ፣ ሽመላው አንድ። እዚህ ውሃው አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት፣ እዚያም አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት። ገለጠች። ቀጣዩም ገጽ እንደዚያው ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ስትገልጥ ቆይታ ነገሩ ጠራላት፤ ሰውየው ባለፉት ሦስት ዓመታት የነገራት ቁጥር ሁሉ ከእነሱ በፊት የነበሩት የሦስቱ ዓመታት ግልባጭ ነው። አሮጌ ደብተሩን ገልጦ ያነብላት ነበር።

ለማንም አልተናገረችም። ሐሙስ ደረሰና ደወለች።

"እህት ዓለም፣ እንዴት አደርሽ? ጉልበትሽስ?"

"ደህና ነኝ ጋሼ። ውሃው ስንት ነው?"

"አንድ ሜትር ከሠላሳ ዘጠኝ።"

ስልኩን ሳትዘጋ የድሮውን መዝገብ አየች። አንድ ሜትር ከሠላሳ ዘጠኝ ይላል። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችና በአዲሱ ላይ ጻፈችው። እንዲህ እያለች ሦስት ሳምንት ከረመች። ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር የተወችው። እውነቱን ብትናገር ሰውየው ይባረራል፤ እሱ ከተባረረ ደግሞ ሰኞና ሐሙስም እንደ ሌሎቹ ቀናት ባዶ ይሆኑባታል። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ለራሷም ጮክ ብላ አላለችውም።

ዝምታዋን የሰበረው የሦስት ዓመቱ ሪፖርት ነው። የክፍል ኃላፊው፣ ሹመቱን ከያዘ ስምንት ወር ያልሞላው ወጣት፣ ወደ ቢሮዋ ብቅ ብሎ "እትዬ፣ የሰባቱን ሰንጠረዥ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያድርሱልኝ፤ ለመፈረም ነው" አላት።

"አምስተኛውን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ" አለችው።

"መዝጋቢ እኮ መስክ አይወጣም።"

"እንግዲያው የዓመት ፈቃዴን ይስጡኝ። ሦስት ቀን ይበቃኛል።"

ትክ ብሎ አያት። በስምንት ወር ውስጥ ፈቃድ ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ፈረመላት።

አውቶቡሱ አንድ ቀን ሙሉ ሲሄድ ውሎ ትንሽ ከተማ አወረዳት። እዚያው አድራ በማግስቱ ረፋዱ ላይ ከመናኸሪያው በር ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴትን "የውሃ ለኪው ቤት በየት ነው?" ብላ ጠየቀች።

"የምን ውሃ?" አለች ሴትየዋ። ወዲያው ግን የእንግዳዋን ፊት አይታ ቀልዱን ተወችና በእጇ አመለከተቻት። "ይህን መንገድ አትልቀቂው። ታፔላ ታገኛለሽ። ከታፔላው ቀጥሎ ያለው ቤት ነው።"

ታፔላው የዓለም አቀፉ ውል ምልክት ያለበት፣ ቀለሙ የተላጠ ቆርቆሮ ነበር። "ይህ ረግረግ የዓለም ሕዝብ ሀብት ነው" ይላል። ከበስተኋላው እስከ ሰማይ ጠርዝ ድረስ የተሰነጣጠቀ ግራጫ ጭቃ ተዘርግቷል። ውሃ የለም። በስንጥቁ መሐል የቀንድ አውጣ ቅርፊት ነጭ በነጭ ተረጭቷል፤ የደረቀው ሸምበቆ ደግሞ ነፋስ ባለፈ ቁጥር እንደ ወረቀት ይንሿሿል። መዝጋቢዋ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ለረጅም ጊዜ ቆመች። አሥራ አንድ ዓመት በስልክ የሰማችው ቦታ በሐሳቧ አረንጓዴ ነበር።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ሰውየው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ይቋጥር ነበር። በድምፁ ወፍራም ሰው አድርጋ በሐሳቧ ስትሥለው ኖራለች፤ ቀጭን፣ ትከሻው ወደፊት የጎበጠ፣ ከስልሳ ያለፈ ሰው ሆኖ አገኘችው።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።"

እጁ ክሩ ላይ ቀረ። ቀና ሳይል "ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው" አለ።

"ማክሰኞ ነው።"

ያኔ ቀና ብሎ አያት። ለመነሳት ሞከረ፤ አንዱ ጫማ ስላልታሰረ መልሶ ተቀመጠ። "ግቢ እንዳልልሽ ወንበሩ አንድ ነው" አለ። ከዚያ ወንበሩን አውጥቶ እሷን አስቀመጠና ራሱ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ለምን እንደመጣች አልጠየቃትም። ውሃ በኩባያ ሰጣት፤ ጠጣች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው።

"መጉደል የጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ከላይ ያለው ትልቁ እርሻ ወንዙን በቦይ ቆርጦ ወሰደው። ምሰሶው ደረቅ ላይ ከቆመ ሁለት ዓመት አለፈው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ሰውየው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ከአንገት በላይ ነበር። "ነግሬሽ ነበር እኮ።"

"መቼ?"

"የዛሬ ሦስት ዓመት፣ አንድ ሰኞ። 'ሰባ አንድ ሳንቲሜትር' አልኩሽ። ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ደወልሽ። 'ጋሼ፣ ቁጥሩ ልክ አይመስልም ተብሏል፤ ረጋ ብለው እንደገና ይዩት' አልሽኝ። ሄጄ አየሁት። ሰባ አንድ ነው፤ ነገርኩሽ። ሐሙስ ደግሞ 'ሰንጠረዡ ላይ ችግር ያመጣል እያሉ ነው፤ እባክዎ ልክ ልኩን ይንገሩኝ' አልሽኝ። ምን እንደሚፈለግ ገባኝ። ያለፈውን ደብተር ገልጬ አነበብኩልሽ። 'አሁን ልክ ነው' ብለሽ አመሰገንሽኝ።"

መዝጋቢዋ መጀመሪያ አላስታወሰችውም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ "እንደገና ይዩት" ያላለችው ለኪ የለም፤ የድሮው ኃላፊ ይላታል፣ እሷ ታስተላልፋለች። ቀስ ብሎ ግን ትዝ አላት። ሰባ አንድን በእርሳስ ጽፋው ነበር። ላጲሱም ትዝ አላት፤ ወረቀቱን እንዳይቀደው ተጠንቅቃ ነው ያጠፋችው።

"እኔ ነኝ ለካ" አለች።

"አንቺማ መልእክተኛ ነበርሽ። ውሸቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ" አላት። "አንዴ ከጀመርኩ በኋላ መመለሻው ጠፋኝ። ውሸት እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ። ደግሞ ሽመላ የለም፣ ዳክዬ የለም ብልሽ ምን እናወራለን ብዬ ፈራሁ። ስልኩ የሚጮኸው በሳምንት ሁለቴ ነው። የምትደውዪው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ይህን ሲላት ዓይኗን ወደ ጭቃው መለሰች።

ከዚያ ሰውየው ገብቶ ከፍራሹ ሥር አንድ ወፍራም ደብተር አምጥቶ ጭኗ ላይ አኖረላት። ለእሷ ያነበበላት ደብተር አይደለም። ከዚያች ሰኞ ጀምሮ የየቀኑን እውነተኛ ልክ የጻፈበት ሌላ ነው። ሰባ አንድ፣ ስልሳ ስምንት፣ ስልሳ ሦስት እያለ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ይላል። ከዜሮ በኋላም አላቆመም። ከምሰሶው ተነስቶ ውሃው እስካለበት ድረስ በእግሩ እየሄደ እርምጃ ይቆጥር ነበር፤ መቶ ስልሳ፣ አራት መቶ፣ ዘጠኝ መቶ። የመጨረሻው መስመር የትናንት ነው፦ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ አሥር እርምጃ፣ ሽመላ አራት።

"ይህን ለማን ነበር የሚጽፉት?"

"እንጃ። ለኪ አይደለሁ?"

አብረው ወደ ውሃው ሄዱ። ጉልበቷ እያመማት ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች፤ እሱ በየመሐሉ እየቆመ ይጠብቃት ነበር። ውሃው ጋ ሲደርሱ የአንድ ኳስ ሜዳ ስፋት ያለው፣ ቀለሙ ሻይ የመሰለ ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነው። አራቱ ሽመላዎች በወዲያኛው ዳር ቆመዋል። ሰውየው በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረላት፤ እሷም አብራው ቆጠረች። ደብተሩን ልትወስደው ስትጠይቀው ሳያቅማማ ሰጣት። "ብወስደው ምን እንደሚያመጣብዎ ያውቃሉ?" አለችው። "አውቃለሁ። አንድ ሰው ያንብበው" አላት።

ቢሮ ተመልሳ የመጀመሪያ ሥራዋ መዝገቡን መክፈት ሆነ። የአምስተኛውን ረግረግ የሦስት ዓመት ቁጥር በቀይ ቀለም ሰርዛ ከእያንዳንዱ አጠገብ እውነተኛውን ጻፈች። አራት ቀን ፈጀባት። ከጨረሰች በኋላ መዝገቡንም ደብተሩንም ይዛ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ወጣቱ ሲገልጥ ፊቱ እየተለዋወጠ ሄደ። "እትዬ፣ ይህ ከእኔ በፊት የሆነ ነው።"

"አዎ። በእኔ ጊዜ ነው የሆነው።"

"አገሪቱ በውሉ ፊት ሐሰት ተናግራለች ልንል ነው? ዝም ቢባል እኮ… ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል።"

"አፋችንን የዘጋነው ዝንቡ ከገባ በኋላ ነው" አለችው። "እኔ የእኔን ጨርሻለሁ። መሰረዝ ከፈለጉ በራስዎ እጅ ይሰርዙት፤ ከዚህ በኋላ እኔ ላጲስ አልይዝም።"

ኃላፊው ሁለት ቀን ቢሮውን ዘግቶ ዋለ። በሦስተኛው ቀን የመሥሪያ ቤቱን መኪና አስነስቶ ራሱ ወደ አምስተኛው ረግረግ ሄደ። ሲመለስ ጫማው ላይ ግራጫ አቧራ ነበር። ሪፖርቱን ከነቀይ ቁጥሮቹ ፈረመው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዝግታ ሆነ። አምስተኛው ረግረግ በአደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ። ከውሉ ጽሕፈት ቤት አጣሪዎች መጥተው ምሰሶውን፣ ቦዩንና ደብተሩን አዩ። ስብሰባው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ እየሆነ አንድ ዓመት ተኩል ወሰደ። በመጨረሻ እርሻው በደረቁ ወራት ቦዩን እንዲዘጋ ተወሰነ። በተከታዩ ዝናብ ውሃው ተመልሶ ምሰሶውን ነካ፤ ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ደረሰ፤ ከዚያ አላለፈም። እንደ ድሮው ይሆናል ያለ ባለሙያ አልነበረም።

የሰው ጉዳይ ግን ፈጥኖ ነው ያለቀው። መዝጋቢዋ ጥፋቱ ከቢሮው እንደጀመረ፣ ቁጥሩን ያስለወጠችው እሷ እንደሆነች በሁለት ገጽ ጽፋ ለመሥሪያ ቤቱ የዲሲፕሊን ኮሚቴ አቀረበች። ለእሷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጧት። ውሃ ለኪው ሐሰተኛ መረጃ በመስጠት ተሰናበተ። የስንብቱ ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት ከእሷ አፍ ይስማው ብላ ደወለችለት።

"ጋሼ፣ አሰናብተውዎታል።"

"እህት ዓለም፣ በስንት ሰዓት ነው ውሳኔው የወጣው?"

"አሁን፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት።"

"እንግዲያው የዛሬውን የለካሁት ከዚያ በፊት ነው፤ ጻፊው። ከምሰሶው ሦስት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ። ሽመላ አሥራ አንድ።"

ጻፈችው። "ይቅር ይበሉኝ" አለችው። "ምኑን? ከሦስት ዓመት በኋላ ትናንት ደህና እንቅልፍ ወሰደኝ" አላት። እውነት ይሁን እሷን ለማጽናናት ያለው ይሁን መለየት አልቻለችም።

ወደ ልጁ ቤት፣ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን ሰኞ ሰኞ በእጅ ስልኩ ትደውልለት ነበር። ልጁ ደግ እንደሆነ፣ የልጅ ልጆቹ እንደሚጮሁ ይነግራታል። የእሷ ጉልበት እንደዚያው ነው። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ቁጥር ሲጠያየቁ የኖሩ ሰዎች ቁጥሩ ሲወሰድባቸው ጨዋታው ከየት እንደሚጀመር ጠፋባቸው። አምስት ደቂቃ የነበረው ሦስት ሆነ። አንድ ሰኞ ስትደውል ምራቱ አንስታ "ተኝተዋል፤ ማን ልበላቸው?" አለቻት። "ከመሥሪያ ቤት ነው፤ ግድ የለም" ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አልደወለችም፤ እሱም አልደወለም።

በዓመቱ ለሰባቱም ረግረጎች ልኩን በራሱ የሚልክ መሣሪያ ተተከለ። ቁጥሮቹ በየሰዓቱ ኮምፒውተሩ ላይ ይመጣሉ፤ ትክክለኛ ናቸው፤ ስለ ነፋስ አያወሩም። ስልኩን ከጠረጴዛዋ ላይ አላነሱባትም። አንዳንዴ የተሳሳተ ሰው ይደውልባታል፤ ከሚገባው በላይ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው።

ጡረታ ልትወጣ ሁለት ዓመት ሲቀራት የዓመት ፈቃዷን ወስዳ ሁለተኛውን ረግረግ ልታይ ሄደች። ማንም አልላካትም። ይህኛው ውሃ ሞልቶታል፤ ሸምበቆው ከሰው ቁመት በላይ ነው። ጠባቂው በሩ ላይ "ከማን ጋር ነዎት እናቴ?" አላት።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ከመሥሪያ ቤት ነው?"

"አይ። ለማየት ነው።"

አስገብቷት ወደ ሥራው ሄደ። ውሃው ዳር ካለ የእንጨት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ያመጣችውን ዳቦ በላች። ስማቸውን የማታውቃቸው ወፎች ብዙ ነበሩ፤ መቁጠር ጀምራ ተወችው። አጠገቧ የሚቀመጥ ሰው ያለ ይመስል ሁለት ጊዜ "አየህ?" ልትል አፏን ከፍታ መለሰችው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ተነስታ ወደ መንገዱ ወጣች። የከተማው አውቶቡስ ባዶ ነበር። መስኮቱ ጋ ተቀመጠችና ቦርሳዋን ጎኗ ባለው ወንበር ላይ አኖረችው።